ገጽ ስልሳ አንድ

ጠበቃ ጣቷን የኑክሌር ማመንጫው የሒሳብ ሪፖርት ገጽ ስልሳ አንድ ላይ እንዳሳረፈች ደርቃ ቀረች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ክርክር ላይ አፏን ከከፈተች የሚመልሳት የለም። አሁን ግን አንዱን መስመር ደጋግማ ታነባለች።

«ምን ሆንሽ? ጅብ ያየሽ ትመስያለሽ» አለቻት የክርክር አጋሯ ቀጮ።

«ነይ እዪው! ከኑክሌር ማመንጫው ለሚመጣው መብራት እኛ አንድ ብር ስንከፍል መንግሥት ሦስት ብር ይደጉማል!»

ባለፈው ሳምንት ግማሽ ፍጻሜውን ያሸነፉት «ከማመንጫችን የረከሰ መብራት የለም» ብለው ነበር። ይህን ቃል የሰጣት አባቷ ነው፤ እዚያው ማመንጫው ውስጥ አስጎብኚ ነው። እሷም እንደ ውሃ ጠጣችው።

«ዝም በያ!» አለች ቀጮ። «ዳኞቹ ገጽ ስልሳ አንድ ድረስ የሚያነቡ መሰለሽ? የነገው ፍጻሜ ዋንጫ እኮ እጃችን ገብቷል!»

አባቷ ሳሎኑ ጥግ ላይ የሥራ ሸሚዙን ይተኩሳል።

«አባዬ፣ ርካሽ ያልከኝ ዋጋ የምኑ ነው?»

«የነዳጁ ነዋ።»

«የግንባታው ብድርስ? ድጎማውስ?»

አባቷ መጥቶ ገጹን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አሥራ ሁለት ዓመት! የሰጡኝን ወረቀት ሸምድጄ ለስንቱ ተማሪ ነገርኩ! አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም!»

ጠበቃ ክው አለች። አባቷ ስለ ማመንጫው የማያውቀው ነገር ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ ሸሚዙ!» ጮኸች ቀጮ። ካውያው እጅጌውን በስቶታል። ማንም አልሳቀም።

«ርካሽ ነው ያለው ማን እንደሆነ ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ» አለ አባቷ ቀስ ብሎ። አምና የክፍሏን ልጆች በሙሉ ማመንጫውን ያስጎበኛቸው እሱ ነበር። ጠበቃ ነገ በአባቷ ሲሳቅ ታያት።

«ማመንጫው ይጠቅማል ብዬ እከራከራለሁ» አለች በመጨረሻ። «ርካሽ ነው ግን አልልም።»

«አለቀልን!» አለች ቀጮ ጭንቅላቷን ይዛ።

ጠበቃ የንግግሯን የመጀመሪያ መስመር ሰረዘች። ከሥሩ «ባለፈው ሳምንት የነገርኳችሁ ዋጋ ጎደሎ ነው። ሳላጣራ የተናገርኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች።

አባቷ የተቃጠለ ሸሚዙን እንደያዘ ከኋላዋ ቆሞ አነበበው።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሰዓት።»

«ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ። ፊት ለፊት ወንበር ያዢልኝ።»