ከቀዩ ጨርቅ ሥር

ጠመንጃ ጠጋኙ የሞተው በገዛ ጥይቱ ነው። እሑድ ረፋድ ላይ ተኩስ መለማመጃው ሜዳ ወጥቶ፣ በዕድሜ የምትበልጠውን ቀጭን ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስደግፎ ቃታ ሲስብ ፊቱ ላይ ፈነዳች። አጠገቡ የነበሩት ልጁና ወዳጁ አዳኙ ብቻ ናቸው።

ማክሰኞ መርማሪዋ ቤታቸው ስትመጣ የሟች ሚስት በሩን ከፈተችላት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ልጄን ሊወስዱብኝ ነው፣ አለች በሆዷ። ዐርብ ዕለት አባት «ሙያዬን ጥለህ የትም አትሄድም» ሲል ልጅ ደግሞ «ይቺን ጠመንጃህን አንድ ቀን ራስህ ላይ ነው የምሰብራት!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

መርማሪዋ ዝግ ያለች ሴት ናት። መሥሪያ ክፍሉ ገብታ ጠረጴዛውን፣ ሚዛኑን፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ ጨርቅ አየች። መጀመሪያ አዳኙን ጠየቀችው።

«ጥይቱን ከየት ነበር የሚያገኘው?»

«የዚህች ጠመንጃ ጥይት መሠራቱ ከቀረ ስንት ዘመኑ! ባዶ ቀለህ እየዞርኩ የምለቅምለት እኔ ነኝ። እሱ አጥቦ፣ ባሩድ ሞልቶ፣ እርሳስ ይገጥምበታል። ቀለሁ አርጅቶ ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ቀለሁ ደህና ነው። አሞላሉን ንገረኝ።»

«አሥር አሥር እየደረደረ ይሞላል። አንድ በአንድ በባትሪ አይቶ ቀዩን ጨርቅ ጣል ያደርግበታል። ጨርቅ የለበሰ ያለቀለት ነው፤ ተመልሶ አያየውም። ዓይኑ ስለደከመ እርሳሱን በዳሰሳ ነው የሚገጥመው። ቅዳሜ እኔ መጥቼ ሳንኳኳ ባሩዱን ሞልቶ፣ እርሳሱን ገና ሳይገጥም ጨርቁን ጥሎበት ወጣ። አብረን ስንመለስ ጨርቁ በአራት ተጣጥፎ ቀለሆቹ ላይ ተቀምጧል። ሳቀና ‹ይቺ ሚስቴ እኮ ካገኘች አቧራውንም አጥፋ ታስቀምጠዋለች› አለኝ።»

እናትየው በሩ ሥር ቆማ መሐረቧን ጨመቀች።

ልጁ ተጠራ። ዓይኑ አብጧል።

«የመጀመሪያዋ ጥይት ጭስስ ብላ ቀረች» አለ። «እኔ ሳቅኩበት። ‹አባዬ፣ ባሩድህም እንዳንተ አረጀ› አልኩት። ሌላ ጊዜ አንዷ ስትከሽፍ አፈሙዙን ሳያይ አይተኩስም ነበር። ያን ቀን ግን በእልህ ቶሎ ብሎ ሌላ አጎረሰ።» አቀረቀረ። «ምናለ ባልሳቅኩ!»

ሦስት ብቻ፣ አለች እናት በልቧ። ምናለ ብጨርሳቸው ኖሮ!

መርማሪዋ ውኃ ልጠጣ ብላ ወጥ ቤት ገባች። መስኮቱ ላይ ያለችው አበባ ጠውልጋለች። ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

ሐሙስ ሦስቱንም መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ለሁለት የተሰነጠቀውን አፈሙዝ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ውስጡ ሁለት እርሳስ፣ አንዱ ሌላውን ከኋላ ገጭቶት፣ ተጣብቀዋል።

«የመጀመሪያዋ ጥይት አልከሸፈችም» አለች። «ባሩድ አልነበራትም። ቂጧ ላይ ያለችው የእሳት መነሻ ብቻ ፈንድታ እርሳሱን መሐል አፈሙዝ ወሸቀችው። ሁለተኛዋ ሙሉ ነበረች፤ መውጫ አጣችና ጠመንጃዋን በረገደቻት።»

የተረፉትን ስምንት ጥይቶች በሟቹ ሚዛን አንድ በአንድ መዘነች። ስድስቱ እኩል ናቸው። ሁለቱ ቀለሉ።

«ከተተኮሰችው ጋር ሦስት። ሰው ሊገድል ያሰበ ባሩድ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የቀነሰው ሰው፣ ማንም እንዳይሞት የፈለገ ነው።» ወደ እናትየው ዞረች። «እማማ፣ በዚህ ቤት ጨርቅ በአራት የሚያጥፍ እጅ አንድ ነው። የአበባዋ አፈር ላይ ደግሞ ባሩድ አለ። ሲያጠጧት የኖሩትን አበባ ከቅዳሜ ወዲህ መንካት ፈሩ።»

«እማዬ?» አለ ልጁ።

«ዐርብ ስትጮህ ሰማሁህ» አለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። «አንዳችሁ አንዳችሁን የምትገድሉ መሰለኝ። ባዶ ጥይት ምን ያደርጋል ብዬ ነው። ሦስተኛውን እንደ ደፋሁ ኮቴውን ሰማሁና ቀሪዎቹን ሳልደርስባቸው ተውኳቸው። እስከ ዛሬ የገደሉት ያልደረስኩባቸው ናቸው እያልኩ…» ቀና አለች። «ንገሪኝ ልጄ፤ ባልነካቸው ኖሮስ?»

መርማሪዋ የተሰነጠቀውን አፈሙዝ አየች።

«አንዱንም ባይነኩ ባለቤትዎ በሕይወት ይኖሩ ነበር። አሥሩንም ቢደፉም ይኖሩ ነበር።»

ልጁ መጥቶ እናቱ እግር ሥር ቁጭ አለ። «ለእኔ ብለሽ ነው» አለ። አዳኙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የእናት እጅ ከምስማሩ ላይ ቀዩን ጨርቅ አወረደ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠርዝ ከጠርዝ እያገናኘ በአራት አጠፈው። መርማሪዋ ማስረጃ ነው ብላ ልትቀበላት እጇን ዘርግታ ነበር፤ አይታት መልሳ ሰበሰበችው።