ግርማን ያጎላሁበት ሌንስ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ። የሰፈር ሰው ስለ ቡዳና ስለ ጠንቋይ ሲያወራ «አቦ ተዉን እስቲ!» ብዬ ጨዋታ የማበላሸው እኔ ነኝ፣ ሥራዬ ፎቶ ነው፣ በፎቶ ሥራ ውስጥ ደግሞ ተአምር የለም፣ ብርሃን አለ፣ ወረቀት አለ፣ ኬሚካል አለ፣ በቃ። ስለዚህ ይህን ስትሰማ «ሰውዬው ነካ አድርጎታል» ብትል አልቀየምህም፣ እኔም ባንተ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፣ ከለር ፎቶ ከተማውን ወርሮት ሰው ጥቁርና ነጭ ማየት ያስጠላው ሰሞን። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ዕቃቸውን እያወጡ ይሸጡ ነበር፣ እኔ ደግሞ እብደት ያዘኝ መሰለኝ እየዞርኩ እገዛለሁ። አገር ለቆ የሚሄድ ፈረንጅ አለ ከተባለ ቦሌ ድረስ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ፣ ምናለሽ ተራ ወርጄ መዝጊያው የተጣበቀ ካሜራ፣ ሻጋታ የያዘው ሌንስ፣ የተሸራረፈ የፊልም ማጠቢያ ሳህን ይዤ እመለሳለሁ። እማዬ ገርጂ ባለው ቤታችን በር ላይ ቆማ «መጣ ቆራሌው!» ትለኝ ነበር።

ለነገሩ ዕቃው ያስፈልገኝ ነበር። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ያለችው ፎቶ ቤቴ የምትኖረው በሙታን ነው፣ እውነቴን ነው የምልህ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ጉርድ ፎቶውን ይዞ እየሮጠ ይመጣል፣ እኔ ለድንኳኑ ትልቅ አድርጌ አጎላዋለሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይለቀስበታል። በእኛ ሰፈር ፎቶህ ከተጎላ ሞተሃል ማለት ነው፣ በቁሙ ፎቶውን የሚያስጎላ ሰው በራሱ ላይ እንዳሟረተ ይቆጠራል።

የሁሉን ሰው ሳጎላ የታናሽ ወንድሜን የግርማን ፎቶ ግን ነክቼ አላውቅም። ግርማን ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፣ በሄደበት ሳምንት ያነሳሁት ጉርድ ፎቶ ነበር፣ ኔጌቲቩም በእጄ ነው። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ጦሩ ሲበተን የሰፈር ልጆች አንዳንዱ በሱዳን፣ አንዳንዱ በእግሩ እየተንጠባጠበ መጣ፣ ለቀሩትም መርዶ መጣ፣ ግርማን ግን አየሁት የሚል ጠፋ። ያልጠየቅነው መሥሪያ ቤት የለም። እማዬ በዚህ መሐል ተሰቅላ ቀረች፣ ብታለቅስለት በሕይወት ያለ ልጇን በገዛ አፏ ልትገድለው ነው፣ ባታለቅስለት ደግሞ ፍታት ያላገኘች ነፍሱ ስትንከራተት ልትኖር ነው።

ዕቃውን የገዛሁት ከእማማ አስካለ ነው፣ ቤታቸው ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ነበር፣ ባላቸው በጃንሆይ ጊዜ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። ሰውየው ካረፉ በኋላ የጨለማ ክፍሉ ዕቃ ሁሉ ጓዳ ተከምሮ ቀርቷል። ከአቧራው ሥር አንድ ትልቅ የጀርመን የፎቶ ማጉያ ሳይ ልቤ ዘለለ። ለመጫን ስንዘጋጅ ግን እማማ አስካለ ከመሣሪያው ሌንሱን ፈትተው በነጠላቸው ጫፍ ይዘዋል።

«ማጉያውን ውሰድ፣ ይህችን ግን ላስቀራት መሰለኝ» አሉኝ።

«እንዴ እማማ! ያለ ሌንስ ምን ያደርግልኛል? ልብስ ልሰቅልበት ነው?»

ሳቁ። «ባሌ በዚህች የሚያጎላው የሞተ ሰው ብቻ ነበር። የሞተ ሰው መልኩ ባለበት ይቆማል፣ በሕይወት ያለ ከሆነ ግን የዛሬ መልኩን ይዞ ይመጣል ይል ነበር። እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ጨለማ ውስጥ ሲውል የኖረ ሰው ብዙ ያወራል።»

እኔ ሌንሱ ፊት ያጣምማል ማለታቸው ነው ብዬ ከእጃቸው ተቀበልኩት፣ እውነትም ቤት ወስጄ ስሞክረው ምንም አላጣመመም። ከግቢያችን ኋላ ባለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ተከልኩት፣ የስንቱን ሟች ፎቶ አጎላሁበት መሰለህ፣ ጥርት ያለ ሥራ ነው የሚሠራው፣ ቤተሰብ ሲረከበኝ «ልክ እሱን!» እያለ ነበር የሚያለቅሰው።

ከዚያ አንድ ቀን የእማዬ የነፍስ አባት መጥተው ከሷ ጋር ሲያወሩ ዋሉ። ሲሄዱ ጠራችኝ። ዓይኗ ደርቋል።

«ሰለሞን፣ በል ግርማን አጉላው» አለችኝ።

«እማዬ…»

«አጉላው አልኩህ። ነፍሱን አንከራተትኩት። እኔ ነኝ የያዝኩት።»

ቅዳሜ ከሰዓት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡ፣ ዳኛው አቶ ቸርነት ራሳቸው ካስማ ያስመታሉ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፎቶውን አልሠራሁትም፣ እጄ እምቢ ብሎኝ ሳመነታ ቆይቼ ነው ሰርቪስ ቤቱ ገብቼ የዘጋሁት። ቀዩን አምፖል አበራሁ፣ ኔጌቲቩን አስገባሁ፣ ከውጭ የካስማው ድምፅ ይሰማኛል፣ ሕፃን ልጅ ሆነን አንድ አልጋ ላይ የተኛነው ሁሉ ይመጣብኛል፣ እንባዬን እያፈሰስኩ ነው ወረቀቱን ኬሚካሉ ውስጥ የነከርኩት።

አየህ፣ ፎቶ ሲወጣ መጀመሪያ ጥቁሩ ነው የሚመጣው፣ ፀጉር፣ ቅንድብ፣ የዓይን ብሌን። የግርማ ፀጉር ግን መምጣት ያለበት ቦታ ላይ አልመጣም። ወረቀቱ ተበላሽቷል ብዬ ጎንበስ ስል፣ ከኋላዬ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ደረቅ ሳል፣ አንዴ፣ ከዚያ ደገመው። ክፍሉ እኮ ሁለት ሰው አያስቆምም! ዞር አልኩ፣ ማንም የለም፣ በሩ እንደተቀረቀረ ነው። የቧንቧው ውኃ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ወዲያው እማዬ ከውጭ በሩን መታች። «ሰለሞን፣ ማን ነው ካንተ ጋ ያለው?»

እኔ ግን ያን ጊዜ ወረቀቱን እያየሁ ነበር። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ ወደ ኋላ ሄዷል። ጉንጩ ገባ ገባ ብሏል፣ ጢም አውጥቷል፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ እኔ የማላውቀው ጠባሳ አለ። ሸሚዙ ያው ያነሳሁት ቀን የለበሰው ነው፣ አንገቱ ግን ወፍሮ ቁልፉ አልገጥም ብሎታል። ወንድሜ ነው። በወላዲት አምላክ፣ ወንድሜ ነው፣ ግን ከእኔ የሚበልጥ መስሏል።

ያንኑ ኔጌቲቭ በድሮው ሌንሴ ደግሜ አጎላሁት፣ የአሥራ ስምንት ዓመቱ ግርማ ወጣ፣ እንደዚያ ቀኑ ፈገግ እንዳለ። በእማማ አስካለ ሌንስ ስመልሰው ያ የደከመው ሰውዬ ወጣ። ከዚህ በኋላ ምን ልበልህ? በሩን ከፈትኩት።

እማዬ እርጥቡን ወረቀት ከእጄ ቀማችኝ። አየችው፣ አየችው። ከዚያ ነጠላዋ እየወደቀ ወደ ድንኳኑ ሮጠች፣ «ንቀሉት! ልጄ ጎልማሳ ሆኗል፣ ንቀሉት!» እያለች። የእድሩ ሰዎች አፋቸውን ይዘው ቆሙ፣ አቶ ቸርነት «ሐዘን ሲጠና እንዲህ ያደርጋል» ብለው በቀስታ ካስማውን አስነቀሉ፣ ለለቅሶ የመጣው ሰውም ተበተነ። ለቅሶ ሲሰረዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየእንቁጣጣሹ ታስጎላኛለች። ሳሉን ሁልጊዜ እሰማዋለሁ፣ ግርማ ሁልጊዜ ትንሽ ያረጃል፣ እማዬ ወረቀቱን ይዛ «ከስተሃል፣ ማነው የሚያበላህ?» ትለዋለች። እኔ ግን ውስጤ ይቃጠላል፣ እናደዳለሁ እንኳ፣ የት ሆኖ ነው የሚያረጀው? ቤቱን ረሳው? እግር የለውም? ታስሮ ነው? አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል የሚልክበት ሰው አጣ? እያልኩ የፎቶ ወረቀት ላይ የጮህኩበት ጊዜ አለ።

እያደር የእማዬን ዓይን ሞራ ጋረደው። ፎቶውን ጭኗ ላይ አድርጋ እኔ እንድነግራት ትጠይቀኛለች፣ ፀጉሩስ? ጥርሱስ? እኔም ያየሁትን እነግራታለሁ።

በመጨረሻው እንቁጣጣሽ ሰርቪስ ቤቱ ገብቼ ወረቀቱን ነከርኩት። ሳል የለም። ጆሮዬን ጣልኩ፣ ዝም ነው። ፊቱ ሲወጣ የአምናውን አምጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት፣ አንዲት ሽበት አልተጨመረችም፣ አንዲት መስመር የለችም። እንደገና ሠራሁት፣ እንደገና፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ ሠራሁት፣ ያው አምና የቆመበት ላይ ነው።

ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። እማዬ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር።

«እህሳ፣ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው እማዬ» አልኩ፣ ድምፄን እንደምንም አስተካክዬ፣ «ትንሽ ሸበት ብሏል፣ ሌላው ደህና ነው።»

ወረቀቱን አልተቀበለችኝም። እጄን ፈልጋ ያዘችው፣ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«አትድከም ልጄ» አለች፣ «እኔ በሁዳዴው ለብቻዬ አልቅሼለታለሁ፣ ፍታቱንም አስፈትቻለሁ። አንተ ነህ የቀረኸው።»

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«መጥቶ ነበር። ግባ ስለው አልገባም።»

ከዚያ በኋላ ያለቀስኩትን ለቅሶ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ጭኗ ላይ ወድቄ እንደ ሕፃን ነው የጮህኩት። ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ ግቢያችን ሞላ፣ አቶ ቸርነት በሰው መሐል እየተጋፉ «ምነው! ማን ሞተባችሁ?» ሲሉ ሰማኋቸው። እማዬ ራሴን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ኧረ ማንም አልሞተም» አለቻቸው፣ «ወንድሙ ናፍቆት ነው።»