ከላይ የተጀመረ ግድግዳ

ሟቹ ከቤቱ ጋር አያይዞ በሚሠራው ክፍል ግድግዳ ሥር፣ ከወደቀው መሰላል አጠገብ በጀርባው ተዘርሯል። መርማሪዋ ግድግዳውን ትዞራለች፣ ትመለሳለች፣ ደግማ ትዞራለች። ባልደረቦቿ «ቁንጫ» የሚሏት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገር ካልጣማት መቀመጫ አታውቅም።

ሁለቱ ግድግዳዎች ጣውላ ለብሰው አልቀዋል። ሦስተኛው ግን ከታች እስከ ወገብ ብቻ ነው የለበሰው፤ ከዚያ በላይ ምሰሶዎቹ እርቃናቸውን ቆመዋል። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጣውላ ለብቻዋ ተመትታለች።

የሰፈሩ አናጺ ተጠርጥሮ በካቴና ታስሯል። ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«እህቴ፣ እኔ ዛሬ እዚህ ድርሽ አላልኩም! ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

«አይዞህ ወንድሜ» አለችው።

ወደ ሟቹ ሚስት ዞረች። «ጣውላውን ማን ያቀብለው ነበር?»

«እኔ ነኛ! ሁለቱንም ግድግዳ አብረን ነው ያለበስነው፤ ለእናቱ ማረፊያ ብሎ። ዛሬ ገበያ ሄድኩ። ምነው እግሬን በሰበረው!» እንባዋ ቀደማት።

የሟቹ ታላቅ ወንድም እናቱን ይዞ የሚኖረው ከአጥሩ ማዶ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ምን አዩ?»

«በመስኮቴ አየሁት። መሰላል ላይ ሆኖ ጣውላውን ከላይ ወደ ታች ሲደረድር፣ ያ አናጺ መጥቶ ገፈተረው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ጓሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እናትየዋም በምርኩዝ መጡ።

«ጣውላ የሚለበሰው ከታች ወደ ላይ ነው» አለች እየተንጎራደደች። «የላይኛው በታችኛው ጫፍ ላይ ይደረባል፤ አለዚያ ዝናብ ይገባል። ሟቹ ይህን ያውቃል፤ ሚስቱም ታውቃለች፤ ለአናጺውማ ሙያው ነው። ደግሞስ ገና ወገቡ ጋ የደረሰ ሰው መሰላል ምን ያደርግለታል? ሟቹ የተመታው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ያቺን ጣውላ የሰቀላት ገዳዩ ነው፤ ከመሰላል የወደቀ ለማስመሰል። ሥራውን ስለማያውቅ ከላይ ጀመረው። ጋሼ፣ ከላይ ወደ ታች ሲደረድር አየሁ ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ታላቅ ወንድም ወደ እናቱ አመለከተ።

«እናቴን ሊወስድብኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ ያስታመምኳት! ሰው ምን ይለኛል? እናቱን መያዝ አቃተው አይለኝም?»

ካቴናው ከአናጺው እጅ ወልቆ ወደ እሱ ዞረ። እናትየዋ የለበሰውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«የት መኖር እንደምወድ ግን አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም» አሉ። አንዱ ልጃቸው መሬት ላይ ነበር፤ ሌላው ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።