ሥራ የፈታው ፔዳል

ልብስ ሰፊው ከደረጃው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ። እግሩ አርፎ ስለማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ «ባቡሩ» የሚለው ሰውዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ።

መርማሪዋ ስትደርስ ታናሽ ወንድሙ፣ የሱቁ ጨርቅ ቆራጭ፣ ሚስትየው ላይ ጣቱን ቀስሮ ይጮሃል።

«እሷ ናት! ክኒኑን የምትቆልፈው እሷ፣ የምትሰጠው እሷ! አፍዝዛ ገፈተረችው! ምን ትጠብቃላችሁ? ውሰዷት እንጂ!»

በሩ ላይ ፖሊሶቹ ካቴናውን አዘጋጅተዋል። ሚስትየው መሬት መሬቱን ታያለች። መርማሪዋ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ ክኒኑ የምንድነው?»

«የእግሩ ነዋ ልጄ። ቁጭ ሲል፣ ጋደም ሲል፣ ውስጡ ጉንዳን ይርመሰመስበታል። ይሄን ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚውለው። ክኒኑ መጀመሪያ አሻለው፤ በኋላ ግን ማንኪያ እንደያዘ እንቅልፍ ድንገት ይጥለው ጀመር። ሐኪሙ ቀን ቀን እንዳትሰጪው አለኝ፤ ብልቃጡን ቆለፍኩበት። ቀሚሴን ይዞ እንደ ሕፃን ሲለምነኝ...»

«ዛሬስ?»

«አልሰጠሁትም። ግን ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ አስከሬኑን አየች። መዳፎቹ ንጹህ ናቸው። ከሱሪው ኪስ በገበር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ያዘችው። ከዚያ ሱቁ ገባች። የስፌት መኪናው አዲስ ሞተር ተገጥሞለታል፤ መኪናውን ከፔዳሉ የሚያያይዘው የድሮው የቆዳ ቺንጋ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ የብረቱ ፔዳል አቧራ ጠጥቷል። መርፌው ሥር የቀረውን ሱሪ ሳብ አደረገችው። ስፌቱ ቀጥ ብሎ መጥቶ መጥቶ፣ እንደ ሰከረ ሰው ተወላግዶ ከጨርቁ ይወጣል።

«ሞተሩን ማን አመጣው?»

«እኔ» አለች የሟቹ ሴት ልጅ ከኋላዋ። «የአባዬን እግር ላሳርፍ ብዬ።»

«በፊት እዚህ ሲቀመጥ ያመው ነበር?»

«ኧረ እዚህ ሲቀመጥማ ይዘፍን ነበር...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

መርማሪዋ ሦስቱንም መኪናው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሶቹም ጠጋ አሉ።

«ይሄን ስፌት የሰፋው እንቅልፍ ነው» አለች። «በእግር ቢሆን ሰው ሲያንቀላፋ መኪናውም ይቆማል። ሞተር ግን እግር ማስነሻውን ከተጫነ ተኛህ አልተኛህ አይልም። ስለዚህ ሟቹ በቀን ክኒን ወስዷል።»

«አላልኩም?!» ወንድምየው ዘለለ።

«የእትዬ ክኒን ብልቃጥ ውስጥ ነው። ይሄ ግን ኪሱ ውስጥ ነበር።» ጥቅሉን ፈታችው፤ የክኒን እሽግ ነው። «የጨርቁን ጠርዝ እዩት፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል፤ በጥርሳም መቀስ ነው የተቆረጠው። ያንን መቀስ እዚህ ቤት ማን ነው የሚይዘው?»

ወንድምየው ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ተቀመጠ።

«ለመነኝ እኮ! "እግሬን ቁረጥልኝ" ሲለኝ ምን ላድርግ?»

«ታዲያ እኔን ለምን?» አለች ሚስትየው።

«አንቺ ገፋሽው ከተባለ... እኔ አልገደልኩትም ማለት ነዋ!»

«ማንም አልገፋውም» አለች መርማሪዋ። «የተገፋ ሰው እጁን ይዘረጋል፣ መዳፉ ይላጣል። የሱ አልተነካም። መኪናው ላይ አንቀላፋ፣ ነቃ፣ እግሩ ተነሳበት፣ እንደለመደው ደረጃውን ወጣ። እዚያ ላይ እንቅልፉ እንደገና ጣለው።»

ፖሊሱ ካቴናውን መልሶ ወገቡ ላይ ሰካ። ወንድምየውን ቃሉን እንዲሰጥ ደግፈው አስነሱት።

ልጅቷ ግን ከመርማሪዋ ፊት አልነቃነቅ አለች። «ሲረግጥ ነበር ጉንዳኑ የሚተወው፣ አይደል? እግሩን ሥራ ያስፈታሁት እኔ ነኝ። ሞተሩን ባላመጣለት ኖሮ... ክኒኑንም እንዲህ አይለምንም ነበር?»

መርማሪዋ የተወላገደውን ሱሪ ከመርፌው ሥር አውጥታ አጠፈችው። ገዳይ ፍለጋ መጥታ ያገኘችው ሟቹን የሚወዱ ሰዎችን ብቻ ነው።

ሚስትየው ቺንጋውን ከሚስማሩ አወረደችና ለወንድምየው ዘረጋችለት።

«ከመሄድህ በፊት ግጠምልኝ።»

ሞተሩን ነቅሎ ቺንጋውን ገጠመላት። እሷም የባሏ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ መርፌው ሥር ጨርቅ የለም፤ ፔዳሉን ረገጠችው። ቤቱ በዚያ በድሮው ድምፅ ሞላ። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን እናቷ ጉልበት ላይ ልታሳርፍ ብትሞክር፣ ጉልበቱ አላርፍ አላት።