ከመቶ አምስት

«አምስት» አላት አጎቷ ለእናቷ፣ ወረቀቱን በጣቱ ነካ ነካ እያደረገ። «ከመቶ አምስት። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ የገዛ ልጅሽ ናት ያሰላችው።»

ልጅቷ የኩሽናውን በር ተደግፋ ቆማለች። ወረቀቱ የእሷ የቤት ሥራ ነው። የሁለት ንግዶችን የትርፍ ምጣኔ አስሉ ሲባሉ፣ የእናቷን የአትክልት ሱቅና የአጎቷን የሶፋ መደብር መርጣ ነበር። ከመቶ ሽያጭ እናቷ አምስት ይቀራታል፤ እሱ ሠላሳ። እሁድ ምሳ ላይ ስታነብላቸው አጎቷ «ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት» ብሎ አደነቃትና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ያን ቀን ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

አሁን በዚያው ወረቀት እናቷን አፍ እያስያዛት ነው። ሱቁን ሽጪና ገንዘቡን እኔ መደብር አስገቢው ይላል። ገዢም አግኝቶላታል። ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ማንም የማይችላት እናቷ፣ አንገቷን ደፍታ የካሮት አፈር የገባባቸውን ጥፍሮቿን ትጠርጋለች።

ልጅቷ ስሌቷ ጎደሎ እንደነበር ገብቷት የፈራችው ዛሬ ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ፣ የተለያየ ዘርፍ ስታወዳድሩ የትርፍ ምጣኔ ብቻውን አይበቃም፣ ዕቃው በዓመት ስንት ጊዜ ተሸጦ እንደሚተካም እዩ አላቸው። ወዲያው አሰላችው። የእናቷ ቲማቲም በሦስት ቀን ያልቃል፤ ያው ገንዘብ በዓመት ከመቶ ጊዜ በላይ ይመላለሳል፣ በተመላለሰ ቁጥር አምስት አምስቱን ይዞ። የአጎቷ ሶፋ ግን ቢፈጥን ሁለቴ ነው፤ የእሱ ሠላሳ በዓመት ስልሳ ሲሆን፣ የእናቷ አምስት ከአምስት መቶ ያልፋል። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ደብተሯን አጮልቃ አየችና «አንቺ፣ እናትሽማ አጎትሽን በዝረራ ነው የጣለችው» ብላ ሳቀች። እሷ መሳቅ አልቻለችም።

እዚህ ቤት አጎቷ ሲናገር የሚያቋርጠው የለም። አንዴ ከተቀየመ ዓመት ይከርማል። የትምህርት ቤቷን ክፍያ የሚከፍለውም እሱ ነው።

«እንግዲህ እሺ ካልሽ፣ ለሰውዬው ልደውልለት» አለ ስልኩን እያወጣ። እናቷ በእሺታ ራሷን ልትነቀንቅ ቃጣት።

«ጋሼ…» አለች ልጅቷ፣ ቃላቱን እየዋጠች። «ሶፋዎቹ ገብተው እስኪሸጡ ስንት ወር ይቆያሉ?»

አጎቷ ስልኩን እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ።

«ምን አልሽ?»

እንደሰማት ታውቃለች። «ምንም» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ክፍያውም የቤቱ ሰላምም እንዳለ ይቀጥላል። እናቷ ቀና ብላ አየቻት።

ልጅቷ በሩን ለቀቀች። ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና ጥያቄዋን ከመጀመሪያው ደገመችው፤ አሁን ግን ረጋ ብላ፣ አንድም ቃል ሳትውጥ።