ሚስማር ላይ የቀረችው ቁጥር

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ... ሙላቱ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲነግረኝ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

ሲያትል፣ 1997 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። የጥቅምት ቅዳሜ፣ ገና በጠዋቱ ነው ነገሩ የጀመረው።

የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ አሰፋ ደወሉለት።

«ሙላቱ፣ ነገ ሲነጋጋ ቤታችሁ እንመጣለን። ዛሬ ከሥራዬ ጋር ወጣ በሉ። ስልክ አጠገብ አትዋሉ።»

ሥራዬ ሚስቱ ናት። እህቷ ማዕረግ አዲስ አበባ ሆስፒታል ከተኛች ወር አልፏታል።

«ማዕረግ ናት?» አለ በሹክሹክታ።

አቶ አሰፋ «ብቻ አደራ፣ ምንም አትናገር» ብለው ዘጉት።

መርዶ መሆኑ ገባው። የእኛ ሰው ሞትን በስልክ አያረዳም። ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ ነው። እስከዚያ ሐዘንተኛው ምንም ሳያውቅ ይብላ፣ ይጠጣ።

ሙላቱ ደነዘዘ። ሊያለቅስ ፈለገ፣ እንባ የለም።

«እስቲ ዛሬ እንንሸራሸር» አላት።

«ኦኬ» አለች ቶሎ። «ቢፐርህን ግን አምጣ። ዛሬ ታክሲ የለም!» ሙላቱ ታክሲ ነጂ ነው፤ የሚፈልገው ሁሉ የስልክ ቁጥር የሚልክለት በዚያች መሣሪያ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከሚኖሩበት ከሬኒየር ቢች ተነስተው፣ ኬንትን አልፈው፣ ድሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት የነበረች ትንሽ ከተማ ደረሱ። ዳቦ ቤቷ ስም ያለው ነው። ሥራዬ ከትኩሱ ቆርሳ አጎረሰችው። ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

አይ ምስኪን፣ የመጣባትን አታውቅ! አለ በልቡ።

ከዚያ ሙዚየም ገቡ። የቆፋሪዎቹ ፋኖስ፣ ዝገት የበላው የከሰል ፉርጎ... አስጎብኚው ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ነው። ሚስማር የተደረደረበት ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቆማቸው።

«ጉድጓድ የሚገባ ሁሉ ቁጥሩን እዚህ ይሰቅላል። ሲወጣ ያነሳል። ማታ ላይ የቀረ ቁጥር ካለ፣ ሰው ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።»

ለጨዋታ ብሎ ለእንግዶቹም ቁጥር የተቀረጸባት ክብ ናስ ይሰቅላል። አርባ። አርባ አንድ።

አርባ ሁለት...

«እኛ ሁለት ነን» አለ ሙላቱ።

«ሦስት ናችሁ» አለ ሰውየው፣ ፈገግ ብሎ።

ሙላቱ ዞረ። ማንም የለም። ከፉርጎው ኋላ ግን ሳል ተሰማ... አንዴ።

ማዕረግ ናት፣ አለ በልቡ። እህቷን ልትሰናበት መጣች። ጉድ እኮ ነው፣ አልፈራም።

ሲወጡ አርባንና አርባ አንድን አንስተው ለሰውየው መለሱ። አርባ ሁለት ሚስማሯ ላይ ቀረች።

ሥራዬ ቀድማ ወጣች። እሱ በሩ ላይ ቆም አለ።

«ሦስተኛዋ... ምን ትመስላለች?»

«ሴት አይደለችም። ሽማግሌ ነው፣ ቀጭን። ሲገባ ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ሥር ሸጎጠ።»

ሙላቱ የበሩን መቃን ያዘ። ቤት ሲገባ ኮፍያውን ብብቱ ሥር የሚሸጉጥ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ያውቃል። አባቱን... ደብረ ብርሃን ያሉትን አቶ ተክለ ጻድቅን።

መኪና ውስጥ ቁልፉን ማዞር አቃተው።

«ሥራዬ... ቢፐሬን ለምን ወሰድሽ?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ለካ አቶ አሰፋ ለእሷም ነግረዋታል።

እሱም ዳግመኛ አልጠየቀ፣ እሷም አልነገረች። ቤት ደርሶ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ነጋበት።

ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። አቶ አሰፋ ከፊት፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች ከኋላ። ሥራዬን አልፈው... ወደ እሱ መጡ።

«ሙላቱ፣ ልጄ... አባትህ...»

ሴቶቹ ጮኹ። ሥራዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ አሁንም እንባ የለውም። መሐረብ ፍለጋ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ...

ናስ ነው።

አርባ ሁለት።

ሚስማሯ ላይ ተንጠልጥላ ትቷት እንደወጣ በዓይኑ አይቷል። አሁን መዳፉ ላይ ናት። በከሰል የጠቆረ የአውራ ጣት አሻራ አለባት።

ደግሞ ትሞቃለች... ከሰው እጅ አሁን እንደተቀበላት።