የማይዞረው ቀስት

«ሕሊና፣ ጋቢውን አጣጥፊና ወረቀቱን አንብቢ» አሉ ቲቸር አይቸው።

ሕሊና ግን የአባቷን ጋቢ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ነገ ከደባርቅ ጎንደር ለሳይንስ ውድድር ይሄዳሉ፤ ሒሳብ የምታቀርበው እሷ ናት። መምህሩ ስለ ሦስት ማዕዘን የጻፉላትን ሁለት ገጽ ሸምድዳዋለች። ሰልችቷታል! ይህን የማያውቅ ዳኛ የት ይገኛል? እሷ ማስረዳት የፈለገችው አይገንቫልዩ የሚባለውን የሒሳብ ሐሳብ ነው፤ ስልክ ላይ በቪዲዮ አይታ ክረምቱን ሙሉ ስትታገለው የከረመችውን።

«እሱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። አንድ ጥያቄ ቢጠይቁሽ አፍሽ ይተሳሰራል።»

«ይጠይቁኛ!»

ጋቢው ላይ በከሰል ሦስት ቀስቶች ሥላለች፤ አንዱን ከጥለቱ ጎን፣ ሁለቱን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን። ጓደኛዋን እየሩስን «ሳቢ!» አለቻት። እየሩስም እንደ ታጠበ ጋቢ ጫፉን ይዛ ቀጥ አድርጋ ሳበችው። አንድም ቀስት አልዞረም።

«ልብስ ማጠብም ሒሳብ ሆነ እንዴ?» አለ የክፍል ጓደኛዋ ገዱ ከኋላ ወንበር። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

የሕሊና ጆሮ ጋለ። «ልናደርቀው እኮ አይደለም! ማዕዘኑን ያዥና በሰያፍ ሳቢ።»

ሁለቱም ማዕዘን ለማዕዘን ይዘው ወጠሩት።

«አያችሁ? በጥለቱ በኩል ያለው ዞረ። ይሄኛው ግን ረዘመ እንጂ አልዞረም። ያኛውም አጠረ እንጂ አልዞረም። አቅጣጫውን ያልለቀቀው ቀስት ስንት እጥፍ እንደረዘመ ወይም እንዳጠረ የሚነግረን ቁጥር ነው አይገንቫልዩ ማለት።»

ቲቸር አይቸው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ተጠጉ።

«እሺ፣ ለፊዚክስ ምን ይፈይዳል?»

ሕሊና በመስኮቱ በኩል ለደወል የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ አሳየቻቸው። «ዘበኛው በብረት ቢመቱት፣ ልጆች በድንጋይ ቢመቱት፣ የሚርገበገበው በራሱ ፍጥነት ነው። ለዚህ ነው ድምፁን የምናውቀው። ያን ፍጥነት የምናሰላው በአይገንቫልዩ ነው።»

መምህሩ ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ተዉት። «ጎበዝ ነሽ። ግን ትምህርት ቤቱን መሳቂያ ማድረግ አልፈልግም። ወይ ወረቀቱን ታነቢያለሽ፣ ወይ በቦታሽ ገዱ ይሄዳል።»

ደሟ ፈላ። ገብቷቸው ሳለ! ወረቀቱን ፊታቸው አኖረችው።

«ለገዱ ይስጡልኝ፣ ቲቸር። እኔም ነገ ጠዋት መናኸሪያ እመጣለሁ፤ ጋቢውን ይዤ። ካልወሰዱኝ በራሴ ጎንደር እሄዳለሁ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ገበያነሽ ጋቢውን አይታ ጮኸች። «አንቺ ልጅ! ምን አድርገሽ አጠቆርሽው? አሁኑኑ እጠቢው! አባትሽ በዚህ ብርድ ምን ሊለብስ ነው?»

«ዛሬ የኔን ብርድ ልብስ ይደርብ።»

ሕሊና ከሰሉ እንዳይለቅ ቀስቶቹን ወደ ውስጥ አድርጋ ጋቢውን ቀስ ብላ አጠፈችው።

«ነገ ከጎንደር ስመለስ አጥበዋለሁ፣ እማዬ።»